አንገታችን ላይ ያለው ሸክም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ለጤና ኮሚቴው ተራ ሲሰጠው ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። የእነሱም ተራ ይደርሳል። ዛሬ ግን የመረጥነው የአንገት ሕመምን ነው። ለምን እንደመረጥነው ከመነሻው እንንገራችሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ የቁጠባ ቀን «አንገቷን ወይም ትከሻዋን የሚያማት እጇን ታውጣ» ብለን ጠይቀን ነበር። ያላወጣች ጥቂት ስለነበረች ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እህታችን ግራ እጇን ስታነሳ አጠገቧ ያለችው «ደግሞ በግራ ጀመርሽ?» ብላ ቀለደችባት። እሷም ዝቅ ባለ ድምፅ «ቀኙ አልነሳ ብሎኝ ነው» አለች። ሳቁ ቆመ።

ይህች እህታችን ታሪኳን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም። ጭራሮና እንጨት ለቅማ፣ ተሸክማ ሆለታ ገበያ እየሸጠች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ናት። አንገቷን ማመም የጀመራት ከክረምት በፊት ነበር። መጀመሪያ ማጅራቷን ያዛት። ከዚያ ሕመሙ በቀኝ ትከሻዋ በኩል ወርዶ እስከ አውራ ጣቷ ደረሰ። ሌሊት ሌሊት እጇ ይደነዝዛል። ቆይቶም ሲኒ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። አራት ወር ያህል እንዲህ ስትሆን በየሳምንቱ ከእኛ ጋር ትቀመጥ ነበር፤ ነግራናለችም። እኛስ ምን አልናት? አንዳችን «ብርድ ነው፣ ቅባት ተቀቢ» አልን። አንዳችን «ወጌሻ ይሽሽ» አልን። አንዳችን ደግሞ «በርቺ፣ ሁላችንንም ያመናል» አልን። እሷም የብድሯ ወርሃዊ ክፍያ እንዳያልፍባት ስትል ሸክሙን አላቆመችም። ብታዘገይ መቀጮ እንዳለባት ታውቃለች። ያንን የመቀጮ ደንብ ያወጣነው እኛው ነን።

በኋላ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር ወረቀት አዲስ አበባ ሄዳ ስትመረመር፣ በአንገቷ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ወደ እጅ የሚወርደውን ነርቭ እንደተጫነው ተነገራት። በፊዚዮቴራፒ ሕክምና እጇ ዛሬ ይነሳል። የጣቶቿ ጥንካሬ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሐኪሙ «እጅሽ መድከም እንደጀመረ ብትመጪ ይሻል ነበር» ብሏታል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ ግን አልደበቀችም፤ ሰምተን ያልሰማነው እኛ ነን። የዛሬው ንግግራችን ይህ በሌላ እህታችን ላይ እንዳይደገም የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ አንገታችንን እንወቀው። በአንገት ውስጥ 7 አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል። ከላይ ካሉት ከሁለቱ በቀር በየመካከላቸው እንደ ትንሽ ትራስ የሚያገለግሉ ዲስኮች አሉ። በአጥንቶቹ መሃል ባለው ቦይ ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል። ከእርሱም በግራና በቀኝ ነርቮች እየወጡ ወደ ትከሻ፣ ወደ ክንድና ወደ ጣት ይሄዳሉ። አንገት ሲታመም እጅ የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ ይዘው የሚያቆሙት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ትልቁ ጡንቻ ከማጅራት ተነሥቶ በትከሻ ላይ ይዘረጋል። ማታ ማታ «እዚህ ጋ እሺኝ» እያልን ለልጆቻችን የምናሳየው ቦታ እርሱ ነው።

የአንድ አዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስት ኪሎ ዱቄት ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ስትይዙት አይከብድም። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብትይዙት ግን ወዲያው ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። ዱቄቱ አልጨመረም፤ ከሰውነታችሁ ራቀ እንጂ። ጭንቅላትም እንደዚሁ ነው። ቀጥ ስንል በአጥንቶቹ ላይ ያርፋል። ስናጎነብስ ግን ከፊት ተንጠልጥሎ የኋላ ጡንቻዎችን ይጎትታል። አንድ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስሌት፣ አንገት ወደ ፊት 60 ዲግሪ ሲታጠፍ በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ጎንበስ ማለት በራሱ ጉዳት አይደለም፤ አንገት የተሠራው ሊታጠፍ ነው። ችግሩ ሳይቀናና ሳያርፍ ለሰዓታት በዚያው መቆየቱ ነው።

አሁን የእኛን ቀን እንየው። እንጨት ስንሸከም ሸክሙ ጀርባችን ላይ፣ ገመዱ ደግሞ ትከሻችንና ደረታችን ላይ ነው። ወገባችን ይጎብጣል። መንገዱን ለማየት ግን አገጫችንን ወደ ላይ እናነሳለን። ስለዚህ ጀርባ ወደ ፊት ታጥፎ አንገት ወደ ኋላ ይቆለመማል፤ በዚያ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ የሆነ እንጨት ይዘን ዳገትና ቁልቁለት እንሄዳለን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። እንጀራ ስንጋግር በርጩማ ላይ ተቀምጠን ምጣዱ ላይ እናጎነብሳለን። ጭሱ ሲመጣብን ፊታችንን ወደ አንድ ጎን እናዞራለን፤ እጃችን ግን ሥራውን አያቆምም። ላም ስናልብ፣ ፈትል ስንፈትል፣ ጤፍ ስናበጥር፣ ልብስ ስናጥብ አንገታችን ወደ ታች ነው። በአካባቢያችን የአበባ እርሻዎች የሚሠሩ ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ቆመው ጽጌረዳ ሲመርጡና ሲያስሩ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ማታ እቤት ሲገቡ ደግሞ ስልክ ላይ ያቀረቅራሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ሐሳብ ይጨመራል። የቤት ኪራይና የብድር ጭንቀት ራሱ ትከሻን ወደ ጆሮ ይስባል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሕመሙንም ያብሳል።

አንዳንዶቻችን «ማጅራቴን» እንላለን፣ አንዳንዶቻችን በኦሮምኛ «ሞርማ ኮ» እንላለን። ሕመሙ አንድ ነው። እኛ ብቻ ነን የታመምነውም አትበሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የአንገት ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ከወንዶች ይልቅም በሴቶች ላይ ይበዛል።

ደስ የሚለው ነገር፣ አብዛኛው የአንገት ሕመም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣ ስለሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። እንዲሻለው የሚያግዙትን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ አልጋ ላይ አትዋሉ። ለአንድ ሁለት ቀን ከባድ ሸክም መተው ተገቢ ነው። አንገትን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ግን ያደርቀዋል። የአንገት ድጋፍም ሐኪም ሳያዝ ገዝቶ ለሳምንታት ማሰር ጡንቻውን ያሰንፈዋል።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ይረዳል። ለብ ባለ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ፣ ወይም ሙቅ ውኃ የተሞላ ፕላስቲክ በጨርቅ ጠቅልሎ ማጅራት ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሳረፍ ጥሩ ነው። ቆዳ እንዳያቃጥል ግን በእጅ ሞክሩት።

ሦስተኛ፣ ስለ መድኃኒት። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይወሰዳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ የጉበት ሕመም ያለባት አስቀድማ ትጠይቅ። ዲክሎፌናክ ግን ብዙዎቻችን እንደ ከረሜላ የለመድነው ቢሆንም ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትን ይጨምራል። ነፍሰ ጡርና ጨጓራ ያለባት እህት ሐኪም ሳታማክር አትውሰደው።

አራተኛ፣ ስለ ወጌሻ። ወጌሻዎቻችንን እናከብራለን፤ ስንት ሰው አቁመዋል። በዘይት ቀስ ብሎ ማሸት ጡንቻውን ሊያዝናና ይችላል። ነገር ግን አንገትን በኃይል ጠምዝዞ «ቀጭ» ማድረግ አደገኛ ነው። በአንገት ውስጥ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች አሉ፤ ሊጎዱ ይችላሉ። እጇ የደነዘዘ ወይም የደከመ፣ ወይም ወድቃ የተጎዳች እህት አንገቷን ማንም እንዳይነካባት።

አምስተኛ፣ እንቅስቃሴ። አሁን ባላችሁበት ሆናችሁ አብረን እንሥራው። እናቶች፣ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ትከሻችሁን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች 10 ጊዜ አዙሩ። ቀጥሎ ፊት ለፊት እያያችሁ፣ ሳታቀረቅሩና ሳታንጋጥጡ፣ ከጭስ ፊታችሁን እንደምታሸሹ አድርጋችሁ አገጫችሁን በቀጥታ ወደ ኋላ ሳቡ። እስከ 5 ቁጠሩና ልቀቁ፤ ይህንንም 10 ጊዜ። ቀጥሎ በዝግታ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዙሩ። በመጨረሻ ጆሮን ወደ ትከሻ አዘንብሉና 20 ሰከንድ ቆዩ፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ትንሽ መወጠር ያለ ነው። ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድ ከሆነ ግን አቁሙና ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ይህን ጠዋትና ማታ፣ በሥራ መሃልም በየግማሽ ሰዓቱ ለአንድ ደቂቃ ቀና በማለት ብናደርገው ለውጡን እናየዋለን።

ስድስተኛ፣ መኝታ። ትራሱ በአንገትና በፍራሹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ እንጂ ጭንቅላትን ሽቅብ የሚያወጣ አይሁን። የታጠፈ ጋቢ ይበቃል። በሆድ መተኛት አንገትን ሌሊቱን ሙሉ አጣሞ ያሳድራል፤ በጎን ወይም በጀርባ ተኙ።

አሁን የምንናገረውን ግን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ እንዳትረሱት። በሚከተሉት ምልክቶች ቤት መቀመጥ የለም። እጅ ሲደክም፣ ዕቃ ከእጅ ሲወድቅ፣ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት። ስትሄዱ እግር ሲደነቃቀፍ ወይም ሚዛን ሲጠፋ። ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር ሲያቅት። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ አንገት ሲታመም። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ኖሮ አንገት ሲገተር፤ ይህ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም። ሕመሙ ሌሊት የማያስተኛ፣ ከክብደት መቀነስና ከማታ ላብ ጋር የቆየ ሲሆን፤ የአከርካሪ ቲቢ አገራችን ውስጥ ያለ በሽታ ነው፣ ደግሞም በመድኃኒት ይድናል። ሕመሙ ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ ሲሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠርም ሲኖር ደግሞ ልብ ሊሆን ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ወደ ሆስፒታል መሄድ ትችላላችሁ። ደብተራችሁን በየዓመቱ ማሳደሱን አትርሱ።

እስካሁን የተናገርነው እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለውን ነው። ነገር ግን አንዲትን ሴት «ቀጥ ብለሽ ሂጂ» ብሎ 30 ኪሎ እንጨት ማሸከም ፌዝ ነው። ሸክሙ ራሱ መቀነስ አለበት።

ይህ ሸክም የቆየ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ ዋና ከተማውን ከእኛ ከሆለታ አለፍ ብሎ ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ባለችበት እንድትቆይ ከረዷት ነገሮች አንዱ በዚያ ዘመን የገባውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የዛፉ ታሪክ ሲነገር ግን ከተራራው ወደ ከተማ በማን ጀርባ እንደወረደ ብዙም አይነሳም። በእንጦጦ በኩል ያሉ እህቶቻችን በ1980ዎቹ ዓ.ም. የቀድሞ ሴት ነዳጅ እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ብለው ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና ገብተዋል። ሽመናም አንገት ያስጎነብሳል፤ ቢሆንም ሸማኔ ሲደክማት ቀና ትላለች፣ እንጨት የተሸከመች ግን መንገድ ላይ ማውረጃ የላትም። ከእነሱ የተማርነው አንድ ነገር አለ፦ ሸክም የሴት ዕጣ አይደለም፣ በመደራጀት ይለወጣል።

ስለዚህ ኮሚቴው አራት ነገሮችን ለጉባኤው ያቀርባል።

የመጀመሪያው ደንባችንን ይመለከታል። ከጤና ጣቢያ ማስረጃ ያመጣች አባል የብድር ክፍያዋን ያለ መቀጮ ሁለት ወር እንድታዘገይ ይፈቀድላት። እርስ በርስ ለመደጋገፍ የተቋቋመ ራስ አገዝ ማኅበር አባሉን ታማ እንድትሸከም ማስገደድ የለበትም።

ሁለተኛው ምርጥ ምድጃ ነው። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ይህ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱም ያንሳል። ማገዶው በግማሽ ቀነሰ ማለት ሸክሙም በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ምድጃው ከፍ ባለ መደብ ላይ ከተሠራ ደግሞ ቆመን እንጋግራለን። አባሎቻችን ቅርጹን ማውጣት ቢማሩ ለራሳችን ሠርተን ለጎረቤትም እንሸጣለን።

ሦስተኛው የእጅ ጋሪ ነው። የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ በዚህ ዓመት ምን እንደሚያስፈልገን ስትጠይቁን የምንመልሰው ይህን ነው። ጋሪዎቹ በማኅበሩ ግቢ ይቆማሉ፤ አባላት በተራ ይጠቀማሉ፤ ለጥገና ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን። ስጦታ ብቻ አንጠይቅም፤ ግማሹን ከቁጠባችን ለመክፈል ተስማምተናል።

አራተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቤታችን ጉዳይ ነው። ውኃ መቅዳት የሴት ልጅ ሥራ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ወንዶች ልጆቻችን ጀሪካን መሸከም ይችላሉ፤ ባሎቻችንም ይችላሉ። ራሳችን መሸከም ካለብንም አንዱን ባለ 20 ሊትር በአንድ ወገን ከምናንጠለጥል፣ ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጃችን እንያዝ። እንጨቱንም አንድ ጊዜ ከባድ ከማሰር ሁለት ጊዜ ቀለል አድርገን እንሰረው። መንገዱ ይረዝማል፤ ታክሞ የማይመለስ እጅ ግን ከዚያ ይበልጥ ያስከፍላል።

አንድ የምናስተካክለው ልማድም አለን። በማኅበራችን ውስጥ ብዙ የምትሸከመዋን «ጎበዝ»፣ «እንደ ወንድ» እያልን እናደንቃለን። የታመመችዋ ዝም የምትለው ይህን ሙገሳ ላለማጣት ጭምር ነው። ከዛሬ ጀምሮ «አመመኝ» ያለችውን «በርቺ» ከማለታችን በፊት «እጅሽስ ይደነዝዛል? ዕቃ ይወድቅብሻል?» ብለን እንጠይቃት። ሁለቱ ጥያቄዎች የዚያችን እህታችንን ጣቶች ባዳኑ ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችንና እናቶቻችን። እኛም ተደራጅተን የተቀመጥነው ለዚህ ነው።

ንግግራችንን የምንጨርሰው በአንድ ልመና ነው። እጇ የሚደነዝዝ፣ የሚደክም ወይም ዕቃ የሚወድቅባት እህት ካለች ከስብሰባው በኋላ አትሂድ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከእኛ ጋር ናት፤ ስም ትመዘግባለች። ነገ ጠዋት ከኮሚቴው ሁለታችን አብረናችሁ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ብቻችሁን አትሄዱም።